ሐረና ጫካ፦ የባሌን ጦጣ ለማየት ማንን ይዞ መግባት ይሻላል?

ባሌ ሄዶ ቀይ ቀበሮ አይቶ የተመለሰ ሰው ሞልቷል። የባሌን ጦጣ ያየ ግን ከማውቃቸው ሰዎች መካከል አላገኘሁም። እኔ አይቼዋለሁ፤ የአስጎብኚዎቹን ነገር ግን ልንገራችሁ።

ጉዞውን የገዛነው አዲስ አበባ ካለ ድርጅት ነው። ስሙ ይቅር። ሳነቴ፣ ከፍተኛው አምባ ላይ፣ ጎበዞች ነበሩ፦ መኪናው ደህና፣ ምሳው ትኩስ፣ ቀይ ቀበሮውንም በቅርብ አሳዩን። ወደ ሐረና ስንወርድ ነው ነገሩ የተበላሸው። አስጎብኚያችን ወደ ጉሬዛ እየጠቆመ "ይኸው የባሌ ጦጣ" አለን። ጉሬዛ! ያንን ጥቁርና ነጭ ካባ ማን ይስተዋል?

ያዳኑን ሪራ መንደር ላይ ያገኘናቸው የአካባቢው ሰው ናቸው። ክፍያቸው ለብቻ ነው፤ ግን ይገባቸዋል። ቀጥታ ቀርከሃው ውስጥ ይዘውን ገቡ። "ጋሼ፣ ፍሬ ያለው ዛፍ ሥር ብንጠብቅ አይሻልም?" ብላቸው ሳቁ። "ልጄ፣ ይሄ የሚበላው ቀርከሃ ነው።"

እውነታቸውን ነው። እዚያው ባሌ፣ ኦዶቡሉ ጫካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከምግቡ ከሦስት አራተኛው በላይ ቀርከሃ ሆኖ ተገኝቷል፤ በተለይ ለጋ ቅጠሉ። ዘመዶቹ ሜዳ ላይ ያገኙትን ይለቃቅማሉ፤ ይሄኛው መራጭ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ እዚህም ቢሆን የሚገኘው በባሌና በሲዳማ ደጋ ነው።

መጀመሪያ ኮሽታ ሰማን። ከዚያ ቡናማ ጀርባ፣ ከአገጩ ሥር አጭር ነጭ ጢም። ቀረብ ስንል ሽቅብ ወጥቶ ተሰወረ። ፎቶዬ ላይ ያለው ጭራ ብቻ ነው።

ሰውየው የተቆረጠ ቀርከሃም አሳዩን። ለአጥር፣ ለቤት ይቆረጣል። ቀርከሃው ካለቀ ምን እንደሚከተል ሲዳማ ላይ ታይቷል፦ ጫካው በተበጣጠሰበት ጦጣው ማሳ ይገባል፣ ገበሬው ያባርረዋል፣ ከሌሎች ጦጣዎች ጋርም ይዳቀላል። የድርጅቱ ልጅ ስለዚህ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እሱ የሚያውቀው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ነው፤ እሱንም ሦስቴ ነገረን።

ለድርጅቱ ከአምስት ሁለት ኮከብ፣ እሱም ለቀይ ቀበሮው። ለሪራው ሰው አምስት። መኪና ብቻ ተከራይታችሁ አስጎብኚውን እዚያው ያዙ። ጠዋት በጊዜ ግቡ። ቦቲ ጫማም አትርሱ፣ የሐረና ጭቃ ቀልድ አያውቅም።