ልጄን ስምንት ቅዳሜ የላክሁበት የኢንተርኔት ደህንነት ኮርስ፦ ደስ ያለኝም ያናደደኝም

ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ የኦንላይን ፎርም መሙላት፣ ይሄው ነው ሥራዬ። ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ ስለምውል ለልጄ ስለ ኢንተርኔት የሚነግራት ሌላ ሰው ያስፈልጋታል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ እያለሁ?

ነገሩ የመጣው በስቲከር ነው። ትልቋ ልጄ አምስተኛ ክፍል ናት። የራሷ ስልክ የላትም፤ በእናቷ ስልክ የክፍሏ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብታለች። ልደቷን ቤት ስናከብር አንድ የክፍሏ ልጅ ኬክ በልቶ ሶፋ ላይ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። ፎቶ አነሳችው። በማግስቱ ፎቶው ስቲከር ሆነ፤ ቴሌግራም ላይ ለቀልድ የሚላላኩት ትንሽ ምስል ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን የልጁ እናት ደወለች። ስቲከሩ ሌሎች ክፍሎች ደርሷል፣ ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ አልጋ ላይ ተኝቷል።

ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። በባጃጅ ስንመለስ "ለምን እንዲህ አደረግሽ?" አልኳት። "አባዬ፣ ሁሉም እኮ ስቀዋል" አለችኝ። ሁለተኛ እንዳትለምጂ አልኳት። ለምን እንደማይደረግ ግን አጥርቼ ማስረዳት አቃተኝ።

ኮርሱን ያገኘሁት ያኔ ነው። አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከ8 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች ቴክኖሎጂን በጥንቃቄና በሥነ ምግባር መጠቀም አስተምራለሁ ብሎ በሩ ላይ ለጥፏል። ስምንት ቅዳሜ፣ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ 1,600 ብር። ስሙን አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ክፍሉን ልንገራችሁ። የላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ አሥር፣ የሚሠራው ሰባት፣ ልጆቹ አሥራ ስድስት። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የጅማ ዝናብ ሲጀምር የመምህሩ ድምፅ አይሰማም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች በከንቱ አለፉ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልጄ ሁለት ገጽ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጓሜ ገልብጣ መጣች። ምን ማለት ነው ስላት "እኔ እንጃ፣ ሰሌዳው ላይ ነበር" አለች። ገንዘቤን መልሱልኝ ልል አስቤ ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ መብራት ሄደ። ልወስዳት ቀደም ብዬ ደርሼ በር ላይ ቆሜያለሁ። መምህሩ ወጣት ነው፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እያቀላቀለ ነው የሚያወራው፤ የከተማችን ልጆች ጆሮም ለዚያው ነው። ጠመኔ አነሳና ሰሌዳው ላይ "ቲቸር ትናንት ወድቆ አለቀሰ" ብሎ ጻፈ። ልጆቹ ሳቁ። "ደብተራችሁ ላይ ጻፉት" አላቸው፣ ጻፉ። ከዚያ ሰሌዳውን ጠረገ።

"ጠፋ?"

"ጠፋ!"

"ደብተራችሁ ላይስ?"

ዝም። "እንግዲህ ሄጄ አሥራ ስድስት ደብተር ልሰብስብ?" አለ። "አንዱ ለወንድሙ ቢያሳይስ? አንዷ ገልብጣ ለጎረቤት ብትሰጥስ?" ስክሪንሾት፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚታየውን እንዳለ ፎቶ አድርጎ ማስቀረት፣ የሚለውን ቃል ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጄን አየኋት። አልሳቀችም። ያ ሶፋ ላይ የተኛው ልጅ ትዝ እንዳላት ከፊቷ ያስታውቃል። እኔ በባጃጅ ውስጥ ያቃተኝን በአንዲት ጠመኔ ጨረሰው። ለኔ የ1,600 ብሩ ዋጋ እዚያች ጨለማ ክፍል ውስጥ ወጥቷል።

የሰጣቸው የቤት ሥራም ጥሩ ነበር። የአንድ ሰው ፎቶ አስፈቅዳችሁ አንሱ ነው። ፈቃድ፣ በኦሮምኛው ሀየማ። ልጄ አያቷን ጠየቀች። እናቴ ደግሞ "ቀሚሴን ሳልቀይር? ወግጂልኝ!" አለቻት። ልጅቷ ደንግጣ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ቀረሁ ብላ ሄደች። መምህሩ ሙሉ ነጥብ ሰጣት። እምቢ ያላትን ሰው አለማንሳቷ ነው መልሱ።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ቲክቶክ ያለው ማነው ሲባል ግማሹ እጁን አወጣ። ቲክቶክም ፌስቡክም ከ13 ዓመት በታች እንደማይፈቅዱ ሲነገራቸው አንዱ "የልደት ዓመቴን ቀይሬ ነው የገባሁት" ብሎ በኩራት መሰከረ። መምህሩ አንድ ቀን ደዋይ ሆኖ "ሽልማት ደርሶዎታል፣ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ" እያለ ተጫወተባቸው፤ ሦስት ልጆች ተሸወዱ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቀንም ነበር። ሁለት ልጆች የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መቼ ተሠራ ብለው አንዱን መላሽ አፕ በየፊናቸው ጠየቁ። ሁለት የተለያየ ዓመት ነገራቸው። "ጅሬን እኮ እዚሁ ነው፣ ሄደን ለምን አንጠይቅም?" አለ አንዱ። መውሰድ ነበረባቸው፤ አልወሰዷቸውም።

ፓስወርድም ተምረዋል። የማይገናኙ አራት ቃላት ደርድሩ ተባሉ። የኔዋ ቡና፣ ዝናብ፣ ጉማሬ እና በርጩማ ብላ ሠራች። በጣም ስለወደደችው ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱ፣ ለዳቦ ሻጯ ሳይቀር አነበነበችው። ስለዚህ እኔም እዚህ ብጽፈው ጉዳት የለውም፤ ተቀይሯል።

ከዚያ ወደ እናቷ ስልክ ዞረች። ቴሌግራሙ ላይ ስልክ ቁጥሯ ለማንም ይታይ ነበር። ገብታ ለማንም አይታይ የሚለው ላይ አደረገችው። የማያውቋት ሰዎች በየግሩፑ እንዳይጨምሯት ያንንም ዘጋችው። ባለቤቴ "በየቀኑ የቢትኮይን ግሩፕ የሚጨምሩኝ ለካ ከዚህ ነው" አለች። ልብ በሉ፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ ስውል የኖርኩት ሰውዬ እዚያው ቁጭ ብያለሁ።

የኔ ተራ ቀጠለ። ሱቄ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ደብተር አለ። ደንበኞቼ ኢሜይል ሲያስከፍቱኝ ፓስወርዱን ይረሱታል፤ በወሩ ተመልሰው "አንተ ጋ ነው ያለው" ይሉኛል። ስለዚህ ስም፣ ኢሜይል፣ ፓስወርድ እያልኩ እጽፋለሁ። ዓመታት የተጠራቀመ ደብተር ነው፣ ከስቴፕለሩ አጠገብ፣ ማንም እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት። አንድ ከሰዓት ልጄ አገላበጠችውና "አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ይሄ እዚህ እንዳለ ያውቃሉ?" አለችኝ። አንዳንዶቹ ያውቃሉ አልኩ። "ሌሎቹስ?" ደንበኛ ቆሟል፣ ጆሮዬ ጋለ። አሁን ፓስወርዳቸውን በወረቀት ጽፌ ለራሳቸው አስይዛቸዋለሁ። ሁለት ሦስቱ ተቆጥተውኛል፣ ጠፋብኝ ብሎ የሚመጣም አልቀረም። ደብተሩን ግን ቀዳድጄ አቃጥዬዋለሁ።

መምህሩ ለወላጆች የጎግልን ፋሚሊ ሊንክንም ጠቁሞን ነበር። ነፃ ነው፤ ሰዓት ይገድባል፣ ልጁ አፕ ሊጭን ሲል ወላጅን ያስፈቅዳል። ሞከርኩት። ለልጁ የራሱ አካውንት ያለበት ስልክ ላላቸው ቤቶች ጥሩ ነው። እኛ ቤት ግን ስልኩ የእናትየው ነው፤ ማንን ልገድብ? ብገድብስ፣ ስቲከሩን የሠራችው በተፈቀደላት ሰዓት፣ በተፈቀደ አፕ ነው።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። ስምንተኛው ቅዳሜ ምርቃት ነበር። የምስክር ወረቀት፣ ለስላሳ፣ ፎቶ። ማታ ባለቤቴ ስልኳን ሰጠችኝ። የማሠልጠኛው የቴሌግራም ቻናል ላይ የልጄ ፊት፣ ከነምስክር ወረቀቷ። ስሟ እስከ አያቷ ይነበባል። ሥር ደግሞ የምትማርበት ትምህርት ቤትና ክፍሏ ተጽፏል። "ልጆችዎን ከኢንተርኔት አደጋ ይጠብቁ፣ ለቀጣዩ ዙር ምዝገባ ጀምረናል" ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር ፈጥሬ ብጽፈው አታምኑኝም ነበር።

ልጄ አየችና "አላስፈቀዱኝም" አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ሰኞ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ተግባቢ ሰው ነው፣ ወንበር ሳበልኝ። "ወንድሜ፣ ለልጅቷም እኮ ኩራት ነው" አለ። ኩራቱ አይጠላም፣ ግን ማን ፈቀደልህ አልኩት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ነገር መውጣቱንም አነሳሁ። ማስታወቂያ ነው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው አለ። ሁሉም ስቀዋል እንደማለት። መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ፖስቱ የወረደው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ በመሃል ስንቱ አይቶ ደብተሩ ላይ እንዳስቀረው ማን ያውቃል። የሌሎቹ ልጆች ፎቶ ግን ቻናሉ ላይ ቀረ፤ ወላጆቻቸው አልጠየቁማ።

የወላጆች ስብሰባ የተባለውም ግማሽ ሰዓት ነበር፣ ያውም ሙሉው የኮዲንግ (የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ) ኮርስ ግዙን ሲሉን አለቀ። እዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ እኔን ስለ ሰማያዊው ደብተር የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ይሻል ነበር።

ይሁን እንጂ ትንሹን ልጄን ለክረምቱ ዙር አስመዝግቤዋለሁ። በመምህሩ ምክንያት ብቻ። ስመዘግበው ዋጋው 1,800 ሆኗል። ፎርሙ ላይ ስለ ፎቶ የሚጠይቅ ቦታ ስለሌለ እህቱ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ "ፎቶው አይለጠፍ" ብላ ጻፈችበት፣ እኔ ፈረምኩ። ማሠልጠኛውን ማወቅ የፈለገ ሱቅ መጥቶ ይጠይቀኝ። ከ3 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ በር ዳር ያሉት ሦስቱ ኮምፒውተሮች አይሠሩም።