የፍላኔል ቢጃማዬ ከ15 ወራት በኋላ

በእኛ ቤት ልብስ ማዕረግ ነበረው። አዲስ ሲገዛ የክት ነው፤ ለበዓልና ለሠርግ ብቻ ይወጣል። ቀለሙ ሲደበዝዝ የዘወትር ይሆናል። ክርኑ ሲሳሳ ከግቢ አይወጣም። አንገቱ ሲላላና ብብቱ ሲተረተር ወደ መኝታ ይወርዳል፤ ከመኝታ በኋላ የሚጠብቀው ወለል መወልወል ነው። እኔም እስከ 38 ዓመቴ የተኛሁት በዚህ ሕግ ነው፦ የወንድሜ የድሮ ካኔተራ፣ ጉልበቱ የተቀደደ ቱታ፣ ሲበርድ ደግሞ በላዩ ላይ ሹራብ። ማንም ለማያየው ልብስ ገንዘብ ማውጣት ቅብጠት ይመስለኝ ነበር።

ሕጉን ያፈረሰችው ዱባይ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ናት። ለእረፍት ስትመጣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ጠርዙ በነጭ ክር የተዘመዘመ የሳቲን ቢጃማ ይዛልኝ መጣች። መስታወት ፊት ስቆም ሌላ ሰው መሰልኩ። አልጋ ውስጥ ስገባ ግን እንደ ብረት ቀዘቀዘኝ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ሳቲን የአሸማመን ስም እንጂ የጨርቅ ዘር ስም አይደለም፤ ከሐርም ከጥጥም ይሠራል። የእኔው ፖሊስተር ነበር። ፖሊስተር ከአየር የሚይዘው እርጥበት ከራሱ ክብደት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ጥጥ በዚያው አየር 8 በመቶ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ላቤ መግቢያ አጥቶ እኔው ላይ ይቀራል። በደረቁ ወራት ደግሞ ብርድ ልብሱን ስገልጥ በጨለማ ውስጥ ይንጣጣል፣ ብልጭ ብልጭ ይላል። ልጄ «እማዬ መብራት አበራሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ስጦታ ስለሆነ አልጣልኩትም፤ ቁም ሣጥን ውስጥ የክት ሆኖ ተቀምጧል።

ቅብጠቱ ግን አንዴ ገብቶብኛል። በጥቅምት 2017 መርካቶ ወርጄ 4 ሜትር ፍላኔል ገዛሁ። ፍላኔል የምለው ብዙ ሰው ለሕፃን መጠቅለያ የሚያውቀውን፣ ፊቱ ተቦርሾ ጸጉር ጸጉር እንዲል የተደረገውን የጥጥ ጨርቅ ነው። ከስፌቱ ጋር 2,300 ብር ወጣበት። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ናቸው፤ ጨርቁን ሳይዘረጉት በጣታቸው አሹትና «ውሃ አይቷል?» አሉኝ።

«አላየም ጋሼ።»

መልሰው አስታቀፉኝ። «ነክረሽ፣ አድርቀሽ አምጪው። አለዚያ እኔ ለአንቺ እሰፋዋለሁ፣ ውሃው ለልጅሽ ያደርገዋል።»

ነክሬ አደረቅኩት። ከ4 ሜትሩ 16 ሴንቲ ሜትር የት እንደገባ አላውቅም። ቀሚስም ሆነ አንሶላ፣ ከጥጥ ጨርቅ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ሁሉ ይህችን አንድ ቀን ቢታገሥ ይጠቀማል።

ልኬት ሲወስዱም ቆሜ ከለኩኝ በኋላ «አሁን ቁጢጥ በይ» አሉኝ። አፈርኩ። «ሰው ቆሞ አይተኛም» አሉና ከወገቤ እስከ ጉልበቴ በቁጢጥታ ለክተው ከመቀመጫው ላይ አራት ጣት ጨመሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ቢጃማ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሱሪው መቀመጫ ነው። ብዙዎቹ ለቆመ ሰው የተሰፉ ናቸው። በጎን ተኝቶ እግርን ሲያጥፉ ከኋላ ወገቡ ይወርዳል፣ ከፊት ጉልበቱ ይወጠራል፣ ብርዱም የሚገባው ልክ በዚያች ክፍተት ነው። ቃሉ ራሱ ከፋርስ የመጣ ነው፤ «ፓይ» እግር፣ «ጃማ» ልብስ፣ የእግር ልብስ ማለት ነው። ስለዚህ ሱሪው ካልተመቸ ኮቱ የቱንም ያህል ቢያምር ቢጃማ ተገዛ አይባልም።

መጀመሪያ ላይ ፍቅር ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ ደመና የለም፤ ምድሩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል፣ ይዞ የሚያስቀርለት የለም። ከተማው ደግሞ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠው። የኮንዶሚኒየሙን ግድግዳ በእጄ ስነካው የማቀዝቀዣ ውስጥ ይመስላል። በዚያ ብርድ ፍላኔሉን ስለብሰው፣ አልጋው ቀድሞ ሰው የተኛበት ያህል ይሞቀኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገነት የነበረው ልብስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀሰቅሰኝ ጀመር። አንገቴ ሥር ላብ፣ እግሬ ከብርድ ልብሱ ውጭ። ሕመም መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፦ ሰው ሊተኛ ሲል ሰውነቱ የውስጥ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ይጀምራል፣ ዝቅታው እስከ ንጋት አካባቢ ይቀጥላል። የሚያወጣውም ደሙን ወደ እጅና ወደ እግር ቆዳ እየላከ ነው። እኔ ፍላኔል ለብሼ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ደርቤ፣ በዚያ ላይ ጋቢ ጥዬ መውጫውን ሁሉ ቆልፌበታለሁ። ሰውነቴ ማታ የሚፈልገውንና ሌሊት የሚፈልገውን አንድ አድርጌ ነበር የቆጠርኩት።

ከአልጋው ያነሳሁት ብርድ ልብሱን ነው፣ ጋቢውን ግን ያዝኩ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በድርቦቹ መካከል የሚታቀፈው አየር ያሞቃል፣ ሲበዛ ደግሞ በእንቅልፍ ልብ አንዱን ጫፍ ገፍቶ መጣል ይቻላል። የለበሱትን ቢጃማ እንደዚያ ገፍቶ መጣል አይቻልም። ያን ሳስተካክል እንቅልፌ ተመለሰ፤ የዚህ ልብስ ትልቁ ትምህርትም ለእኔ ይኸው ነበር፣ ገዝቼው እንኳ ለአንድ ወር ያህል አለባበሱን አላወቅኩበትም።

ካልሲውንም እዚህ ላይ ላንሳ። በባዝል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እግርና እጁ የሞቀ ሰው ቶሎ እንቅልፍ እንደሚወስደው እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ጽፈዋል። የሞቀ እግር ደሙን ስለሚያቀርብ ሙቀቱ በዚያ በኩል ይወጣል። ላስቲኩ የላላ የጥጥ ካልሲ አድርጌ እተኛለሁ፤ ጠዋት ሁለቱንም ከአልጋው ግርጌ አገኛቸዋለሁ። መቼ እንዳወለቅኳቸው አንድም ቀን አላስታውስም።

አሁን ደግሞ ወደ ውሃው። በእኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃችንም ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው ሲንኮራፋ ከአልጋ ዘልዬ ጀሪካን እደረድራለሁ፤ አንዳንዴ አራተኛ ፎቅ ድረስ ስለማይወጣ ወደ ታች እወርዳለሁ። እዚያ ታች የብሎኩ ሰው ሁሉ በሌሊት ልብሱ ተሰልፎ ይገኛል። በካኔተራዬ ዘመን መጀመሪያ ነጠላ ፍለጋ ነበር፣ እስካገኘው ሰልፉ ይረዝማል። በፍላኔል ቢጃማ ግን ሰው ፊት መቆም ይቻላል፤ ኮት አለው፣ ቁልፍ አለው፣ አይስስም፣ ሰውነት አያሳይም። ለእኔ የልብሱ ትልቁ ጥቅም በመጨረሻ ይህ ሆኖ ተገኘ። ጉድለቱም የወጣው እዚያው ነው፦ የሱሪው ጫፍ መሬት ይነካ ነበርና ረጥቦ ተመልሶ አልጋ ውስጥ ይገባል። ሁለት ጣት አሳጠርኩት። የወገቡንም ላስቲክ በገመድ ለወጥኩት፤ በሁለቱም እጅ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ሱሪውን የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ የለውም።

በነገራችን ላይ ቢጃማ ለብሶ ሱቅ ድረስ መሄድን የሚያሾፉበት አሉ። እኔ ጠዋት በቢጃማዬ ላይ ነጠላ ጣል አድርጌ ዳቦ እገዛለሁ፤ ባለሱቁም ለለበስኩት ብሎ ዋጋ አልጨመረብኝም።

አንገቱን ጠልቼዋለሁ። የቢጃማ ኮሌታ ለምን እንደተሠራ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም፤ የቀን ኮት ትዝታ ይመስለኛል። በጎን ሲተኙ ታጥፎ ጆሮ ሥር ይሰበሰባል። በአምስተኛው ወር ጋሼ ነቅለው ክብ አንገት አደረጉልኝ። ቁልፎቹም በሆድ ለሚተኛ ሰው ጠጠር ናቸው፤ ስስና ጠፍጣፋ የሆኑትን መምረጥ ያሻል። የደረት ኪሱን ለጉንፋን ጊዜ መሐረብ እንጂ ለሌላ አልፈለግኩትም።

ስለ እሳት ግን አጥብቄ እናገራለሁ። በየካቲት አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሻማ ላይ እጄን ስዘረጋ የግራ እጅጌዬን ጫፍ ነበልባሉ ነካው። ጨርቁ ገና ሳይነድ እሳቱ በጸጉሩ ላይ እስከ ክርኔ ሮጠ፤ በቀኝ እጄ መታ መታ አድርጌ አጠፋሁት። ቆዳዬ ተረፈ፣ እጅጌው ላይ ግን ዛሬም ቡናማ መንገድ አለ። የተቦረሸ ጥጥ እንዲህ ነው፤ በጸጉሩ መካከል ያለው አየር እሳቱን ይመግበዋል። አሜሪካ ውስጥ የልጆች የሌሊት ልብስ የእሳት መስፈርት እንዲያሟላ በሕግ የተደነገገው ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ወዲህ ነው። ከሰል ምድጃ አጠገብ ቡና የሚያፈላ፣ ሻማ የሚለኩስ ሰው እጅጌውን ይጠቅልል። ለልጄ ፍላኔል ያላሰፋሁላትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሐምሌ ላይ ልብሱ ከአገልግሎት ወጣ ማለት ይቻላል። ታጥቦ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ተሰቅሎ አልደረቀም፤ በአራተኛው ቀን ሲደርቅ የምድር ቤት ሽታ ይዞ ነበር። ክረምቱን ወደ ካኔተራዬ ተመልሼ ነው ያሳለፍኩት። መቀየሪያ ሁለተኛ ቢኖረኝ ኖሮ ምናልባት እንደ ምንም ይገፋ ነበር። ቆላ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። በግንቦት ለሠርግ ድሬዳዋ ሄጄ ነበር፤ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ያህል ነው። ሻንጣዬን ከፍቼ ፍላኔሉን ሳወጣ ያስተናገዱን ቤተሰቦች ተያይተው ሳቁ። ወንዶቹ ሽርጣቸውን አገልድመው ደረታቸውን ለነፋስ ሰጥተዋል። ለእኔም ሰፊ ስስ የቤት ቀሚስ ሰጡኝ፣ በውስጡ ነፋስ እየተመላለሰ ተኛሁ።

አረጀ ወይ ለሚለኝ፦ አዎ፣ አርጅቷል። በሦስተኛው ወር በጭኖቹ መካከል ጨርቁ እንክብል እንክብል አወጣ፤ በየሳምንቱ እየታጠበ ዓመት ሲሞላው የመቀመጫውና የክርኑ ጸጉር አለቀ። ሰማያዊው ግራጫ ሆነ። ያልጠበቅኩት ግን ይህ እርጅና ተስማማኝ። ጸጉሩ ሲሳሳ የመጀመሪያው ሰሞን ያንገበገበኝ ሙቀት ቀነሰ፤ በዘንድሮው ኅዳር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ላብ አልቀሰቀሰኝም። አዲሱ የሚበልጠው ለመንካት ነበር፣ ለመተኛት አሮጌው ይሻላል። እናቴ ልብስን በማዕረግ ዝቅ እያደረገች እስከ መኝታ ስታወርድ አንድ ነገር ታውቅ ኖሯል።

እናቴን ካነሳሁ፣ ለዘንድሮ ገና ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። እሷ በቀሚሷ፣ በላዩ ጋቢ ተከናንባ ነው የምትተኛው። ቢጃማውን አልጋዬ ላይ ተዘርግቶ አየችና «ለመኝታ ደግሞ ልብስ? እንቅልፍ እንግዳ ነው እንዴ ለብሰሽ የምትቀበይው?» አለች። በሦስተኛው ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ጋቢው ከትከሻዋ እየወረደ ሲያስቸግራት ኮቱን አለበስኳት። ጠዋት አላወለቀችውም። ቡና አፈላችበት፣ እጅጌውንም በነገርኳት መሠረት ጠቀለለችው። ከጥምቀት በኋላ ወደ አገሯ ከተመለሰች ወዲያ ቁም ሣጥኔን ስከፍት ሱሪው ብቻውን ተንጠልጥሏል። ደወልኩላት።

«ኮቱን ወስጄዋለሁ» አለች። «ሱሪው ይቅርብኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሱሪ አላወጣም። እዚህ ያለውን ብርድ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። የእግር ልብሱ ለእኔ ቀርቶልኛልና አልተሟገትኩም። ጋሼ ዘንድ ሄጄ ሌላ ኮት እንደምፈልግ ስነግራቸው፣ ኮሌታ የሌለው፣ ቁልፉ ጠፍጣፋ፣ እጅጌው ጠበብ ያለ እንዲሆን ተስማማን። አሁን በረንዳዬ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል አዲስ ፍላኔል ተነክሮ እየተንጠባጠበ ነው። ጥር ስለሆነ እስከ ማታ ይደርቃል።