ላይቭ ትራንስክራይብ ክፍል ውስጥ፦ መጀመሪያ ማይክ ግዙ

ላይቭ ትራንስክራይብ ጉግል በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ንግግርን እየሰማ ወዲያው ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ የአንድሮይድ መተግበሪያ ነው። አማርኛ ይችላል፤ ክፍያም የለውም። በከፊል የሚሰማ ተማሪ ላለበት ክፍል ይሆናል ወይ ለሚሉ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ላሉ መምህራን መልሱ አጭር ነው፦ ስልኩን ዴስክ ላይ አስቀምጦ ለሚጠብቅ አይሆንም፤ መምህሩ ማይክ ካደረገ ግን ደህና አድርጎ ይሠራል።

ችግሩ ርቀት ነው። የስልክ ማይክ የተሠራው አፍ አጠገብ ላለ ድምፅ ነው። ተማሪው ሦስተኛ ረድፍ ላይ ከተቀመጠ የመምህሩ ድምፅ አራት ሜትር ተጉዞ፣ ከግድግዳው ጋር ተላግቶ ይደርሳል፤ የጎን ጓደኛው ሹክሹክታ ግን ግማሽ ሜትር ላይ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምርማ የሚጻፍ ነገር አይኖርም።

ስለዚህ ገንዘብ ካለ ለታብሌት ሳይሆን ለደረት ማይክ ይውጣ። መርካቶና ስታዲየም አካባቢ ያሉ የሞባይል ዕቃ ሱቆች የሚሸጡት ሽቦ አልባ ማይክ ሁለት ቁራጭ ነው፦ ላኪው መምህሩ ኮሌታ ላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ይቆነጠጣል፤ ተቀባዩ የተማሪው ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ ላይ ይሰካል። ተቀባዩ ራሱ የቻርጀር ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ ስክሪኑ ሙሉ ክፍለ ጊዜውን በርቶ ስለሚቆይ ባትሪው ከሰዓት ላይደርስ ይችላል። ባለገመዱን የሚመርጥ ደግሞ ስልኩ ላይ የሚሰካው ጫፉ ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶች ይቁጠር። ሦስት ከሆኑ ለስልክ ነው። ሁለት ከሆኑ ለካሜራ የተሠራ ነው፤ ስልኩ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ቆጥሮት በራሱ ማይክ መስማቱን ይቀጥላል። ባለ ሱቁ «ይሠራል» ይላል፣ ግን እዚያው ይሞከር፦ መተግበሪያው ውስጥ የውጭ ማይክ መርጦ የማይኩን ጭንቅላት በጥፍር መቧጨር ነው። የድምፅ ምልክቱ ዘሎ ካልተነሳ የሚሰማው ስልኩ ነው።

የመተግበሪያው አከፋፈት ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ሥር ይገኛል፤ ከሌለ ከፕሌይ ስቶር ይወርዳል። ዋና ቋንቋ አማርኛ፣ ሁለተኛ እንግሊዝኛ ይደረግ፤ ፊደሉ ይተልቅ፤ ግልባጩን ለ3 ቀን የሚያቆየው ምርጫ ይብራ፣ ለጥናት ይጠቅማል። የተማሪው ስም ከተመዘገበ ሲጠራ ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ የሚያየው ልጅ ግን ዋጋዋን ያውቃል። አማርኛው ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ጽሑፉም ይቆማል። በዚያ ቀን ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ከሌለ ትምህርቱ አመለጠ ማለት ነው።

አሁን ወደ አማርኛው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ስለ ምግብ ሰንሰለት ሲማር «ትሉ ይበላል» ብሎ ስክሪኑ ላይ የመጣለት ተማሪ ትሉ በሊ ይሁን ተበሊ በምን ይወቅ? የሚሰማው ልጅ ከመምህሩ አፍ ይለየዋል፤ እሱ ግን ፊደሉን ብቻ ነው የያዘው። ጥፋቱ የመተግበሪያው አይደለም፣ መጽሐፍም ላይ ያው ነው፤ ልዩነቱ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሎ መጻፉ ነው። መምህሩ «ወፏ ትሉን ትበላለች» ብሎ አድራጊና ተደራጊውን ቢጠራ ነገሩ ያልቃል።

ሁለተኛው ጣጣ ቅይጥ ንግግር ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ማብራሪያው ግን በአብዛኛው አማርኛና እንግሊዝኛ ተደባልቆ ነው የሚመጣው። አማርኛ ላይ የተተወ መተግበሪያ «ፎቶሲንተሲስን» በቅርብ በሚመስለው የአማርኛ ቃል ሊተካው ይችላል፣ ያኔ ጽሑፉ ትርጉም ያጣል። ከክፍል በፊት የዕለቱን አሥር አሥራ አምስት ቃላት የራስ ቃላት መጨመሪያው ውስጥ ማስገባት ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቃሉን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ዞሮ፣ ከዚያ መናገር ነው። ይህ ማይክ ቢኖርም ባይኖርም ከንፈር ለሚያነብ ልጅ ግዴታ ነው። ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቅም መምህሩ ይድገመው፤ ማይኩ ያለው እሱ ጋ ነው።

ለማን አይሆንም? የመጀመሪያ ቋንቋው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ለሆነና አማርኛ ማንበብ ለሚከብደው ተማሪ። የሚሮጥ አማርኛ ለእሱ የባዕድ ቋንቋ ያህል ነው፤ ለእሱ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ላይ ቋንቋውን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ «መተግበሪያ አስገብተናል» ብሎ አስተርጓሚ የሚያስቀር ርዕሰ መምህር ካለ መተግበሪያው ጎድቷል ማለት ነው።

በሌላ በኩል፣ ክፍሉ ቴሌቪዥን ወይም ፕሮጀክተር ካለው ግልባጩን ለሁሉም ማሳየት ይቻላል። አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ የፈቱ ልጆችና የኋላ ረድፉ ይጠቀማሉ፤ ስልክ ይዞ የተቀመጠው ልጅም ብቻውን አይታይም። ስህተት ሲመጣ ክፍሉ ይስቃል፣ ይስቅ፤ የተሳሳተውን ቃል የሚያርሙትም እነሱ ናቸው።

ደወል ሲደወል ማይኩ ይጥፋ። ተቀባዩ ቅርብ ከሆነ የመምህራን ማረፊያው ወሬ ቃል በቃል ተማሪው ስክሪን ላይ ይመጣል፤ ለ3 ቀንም ይቆያል።