ሳህኔን ይዞ የቆመው አስተናጋጅ

አንድ ጃዝ ቤት ተቀምጬ፣ ያዘዝኩት አሳ ከወጥ ቤት ሲወጣ አየሁት። እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። አስተናጋጁ በጠረጴዛዎቹ መሃል እየተሽለኮለከ ወደኔ መጣ። ሦስት ጠረጴዛ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ።

ትሪውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ዓይኑን መድረኩ ላይ ተከለ። እኔ ከሥራ በቀጥታ ነው የሄድኩት። ምሳም በቅጡ አልበላሁም። እጄን አነሳሁ። አየኝ፣ በጭንቅላቱ «ትንሽ ይታገሡኝ» የሚል ምልክት ሰጠኝና መልሶ ወደ መድረኩ ዞረ። ደሜ ፈላ። የገዛ እራቴ ዓይኔ እያየ እየቀዘቀዘ ነው።

ቤቱ ጸጥ ማለቱን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ፒያኖው አቁሟል። ድራመሩ ዱላዎቹን አስቀምጦ ብሩሽ ይዟል፣ ቆዳውን ዳሰስ ዳሰስ ብቻ ያደርገዋል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ከመድረኩ ጥግ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል። ደብል ቤዝ፣ ያንን ወፍራም ድምፅ ያለውን ትልቅ የክር መሣሪያ፣ የሚጫወተው ልጅ ብቻውን ቀርቷል። ከሱ ቁመት የሚበልጠውን እንጨት አቅፎ ቀስ እያለ ይነካካዋል። አንድ ድምፅ ይመታል፣ እስኪጠፋ ይጠብቃል፣ ሌላ ይመታል። በመሃል ጣቱ በክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ፍጭት ሳይቀር ይሰማል።

ይህ ሁሉ አራት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ብቻውን የተጫወተው ሶሎ ሲያልቅ ሰው አጨበጨበ፣ ፒያኖው ተመለሰ፣ አስተናጋጁም መጣ።

«ወንድሜ፣ ቀዝቅዟል እኮ» አልኩት። ድምፄ ላይ ቁጣ ነበር።

«አውቃለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በቤዝ ሶሎ ሰዓት መሃል ለመሃል አንሄድም። አሁኑኑ ሌላ ይሠራልዎታል» አለኝ።

እውነትም ሌላ አመጣ። በእረፍቱ ሰዓት፣ ትኩሱን፣ ቆዳው ኩርሽም ኩርሽም የሚል አሳ። ስለ ምግቡ ብዙ የምለው የለኝም። አሳው ጥሩ ነው። ድንቹ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ሾርባው ግን ጨው የሚባል ነገር አልነካውም፣ አትዘዙት።

እረፍት ላይ ጠራሁትና ስለ ነገሩ በደንብ ጠየቅኩት። የቤቱ ደንብ ነው አለኝ። ቤዝ ብቻውን ሲጫወት፣ ወይም ባንዱ ቀስ ያለ ዘፈን ሲይዝ፣ ቡና ማሽኑ አይነካም። በረዶ አይፈጭም። ሒሳብ አይሰጥም። ሳህን የያዘ አስተናጋጅ ካለ ባለበት ይቆማል። ወጥ ቤቱም ይህንን ስለሚያውቅ በዚያ ሰዓት ሳህን ላለማውጣት ይሞክራል። በኔ ምሽት አሳው ቀድሞ ወጣ፣ ሶሎውም ቀድሞ ጀመረ።

ይህንን ስሰማ ቁጣዬ በረደ። ምክንያት አለኝ።

ከዚህ በፊት አዘውትሬ የምሄድበት ሌላ ጃዝ ቤት ነበር። ምግቡ ከዚህኛው ይሻላል፣ ወንበሩም ይመቻል። ግን ባሩ ያለው ከመድረኩ አጠገብ ነው። አንድ ምሽት አንዲት ፒያኖ ተጫዋች ዘፈኗን ልትዘጋ የመጨረሻዎቹን ድምፆች አንድ በአንድ ስታስቀምጥ፣ ወተት ማሞቂያው «ጪ...ስ!» ብሎ ጮኸ። ልጅቷ እጇን አነሳችና እስኪያበቃ ጠበቀች። ከዚያ የቀረችውን አንዲት ድምፅ መታች። ማንም ይቅርታ አላላትም። እኔም ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አልሄድኩም።

ቤዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተጎጂ ነው። ወፍራሙ ክሩ ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው። ጆሯችን እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ቀስ ብሎ ሲመጣ በደንብ አይዘውም። የማንኪያና የሳህን ኳኳታን ግን ወዲያው ይለቅመዋል። ስለዚህ ሹካ የሚሰበስብ አንድ ሰው፣ ምንም ክፋት ሳያስብ፣ የአንድን ሙዚቀኛ የምሽት ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

ጃዝ ወዳጆች ይህንን ትግል ያውቁታል። ፒያኖ ተጫዋቹ ቢል ኢቫንስ እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1961፣ እሑድ ዕለት፣ ኒውዮርክ በሚገኘው ቪሌጅ ቫንጋርድ ክለብ ከትሪዮው፣ ማለትም ከሦስት ሰው ባንዱ ጋር የቀረጸውን የሰማ ሰው፣ ከፒያኖው ጀርባ የብርጭቆ ድምፅና የሰው ወሬ ይሰማዋል። ቤዝ ተጫዋቹ ስኮት ላፋሮ ያን ቀን የተጫወተው ለጉድ ነው። አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ በመኪና አደጋ ሞተ፣ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ያንን ቅጂ በሰማሁ ቁጥር፣ ያን ቀን እዚያ ተቀምጠው ሲያወሩ የነበሩትን ሰዎች አስባለሁ። ምን እያለፋቸው እንደሆነ አያውቁም ነበር። ቻርልስ ሚንገስም፣ እሱ ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ስቱዲዮ ገብቶ አንድ አልበም ሲቀርጽ ታዳሚ እፊቱ ያለ ይመስል መጠጥ እንዳትዘዙ፣ የሒሳብ ማሽኑም እንዳይጮህ ብሎ ነው የጀመረው። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ እንኳን ያ ድምፅ ከጆሮው አልጠፋም ማለት ነው።

እና ይኸው አንድ አስተናጋጅ፣ ደንበኛ እየተቆጣው፣ ትሪ ይዞ አራት ደቂቃ ቆመ። እኔ ይህንን አከብራለሁ።

ሆኖም ቤቱን አመስግኜ ብቻ አልጨርስም። ከእረፍቱ በኋላ፣ በሁለተኛው የሙዚቃ ክፍል፣ ከጎኔ ስድስት ሰዎች ተቀመጡ። ልደት ነው መሰለኝ። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አወሩ። አስተናጋጆቹ ጸጥ ብለው ይመላለሳሉ፣ እነሱ ይስቃሉ። ማንም ጠጋ ብሎ «እባካችሁ» አላላቸውም። ለአስተናጋጅ ደንብ ያወጣ ቤት ለደንበኛ ሲሆን ለምን ይፈራል? በር ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ቢለጠፍ፣ ወይም ቦታ ሲያዝ በጨዋ ቋንቋ ቢነገር፣ የሚከፋ ሰው ያለ አይመስለኝም። የመጣነው ለሙዚቃው ነው።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። መግቢያ በር ላይ ከፍያለሁ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ «ለሙዚቃ» የሚል ሌላ መስመር አለ። ሜኑውን አስመጥቼ ሳየው እውነት ነው፣ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ገንዘቡ ለሙዚቀኞቹ ከሆነ በደስታ ነው የምከፍለው። ለዚያ ቤዝ ተጫዋች ከዚያም በላይ እከፍላለሁ። ግን መጀመሪያ ይነገረኝ። ሁለቱ ተደምረው በር ላይ በትልቁ ይጻፉና ሰው አውቆ ይግባ። ከምሰሶው ጀርባ የሚቀመጠውም ሰው ከፊት እንደተቀመጠው እኩል መክፈሉ ልክ አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ከድራመሩ ግራ እጅ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሄጄ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

ሦስት ኮከብ ልሰጥ ነበር። ስወጣ በሩ አጠገብ ያለውን የቀጣዮቹን ሳምንታት ፕሮግራም አነበብኩና አራት አደረግኩት።

ሐሙስ ያው ትሪዮ፣ ያለ ሳክስፎን ይመለሳል። ቤዙን በደንብ መስማት የሚፈልግ ሰው ያንን ቀን ይምረጥ። እሑድ ማታ ጃም ሴሽን ነው፣ መሣሪያ ይዞ የመጣ ሁሉ ስሙን አስመዝግቦ መድረክ ይወጣል። ጃም ሴሽን ላይ አንዳንዱ ሰው ሶሎ ጀምሮ መጨረሻው ስለሚጠፋው ምሽቱ ይረዝማል፣ ግን ጥሩ ተጫዋች የሚገኘውም እዚያው ነው። በወሩ መጨረሻ ቢግ ባንድ አለ። ይህ ትንሽ ያሳስበኛል። ቢግ ባንድ ማለት 17 ሰው ገደማ ነው፣ መድረኩ አራት ሰው ሲይዝ ይጨናነቃል። የፊት ጠረጴዛዎች ይነሳሉ አሉኝ። ቫንጋርድም ጠባብ ምድር ቤት ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ሰኞ ማታ ቢግ ባንድ ያስተናግዳል፣ ስለዚህ ይቻላል። ያን ቀን ግን ከትራምፔቶቹ ፊት ለፊት አልቀመጥም።

እኔን የሳበኝ ቅዳሜ ነው። ቫይብራፎን፣ ማለትም በዱላ የሚመቱ የብረት ቁልፎች ያሉት መሣሪያ፣ ያለበት ኳርቴት (የአራት ሰው ባንድ) ይመጣል፣ የኢትዮ ጃዝ ሥራዎችንም ይጫወታሉ ተብሎ ተጽፏል። ቫይብራፎን በዘመናችን መድረክ ላይ እንደልብ የሚገኝ መሣሪያ አይደለም። ከባድ ነው፣ ለማጓጓዝም ያስቸግራል። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወቱት ይህንኑ ነው። ትዝታን ወይም አምባሰልን ከኮንጋና ከጃዝ ኮርድ ጋር አብሮ መስማት የለመደ ሰው፣ የዚህ መሣሪያ ድምፅ ምን እንደሚያደርግ አልነግረውም። ፔዳሉ ሲረገጥ አንድ ምት አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ እስኪጠፋም ይቆያል። ወተት ማሞቂያ የማይጮህበት ቤት የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ነው።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ምግባችሁን ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት እዘዙ። ከፒያኖው በኩል ያለውን ግድግዳ ያዙ፣ ከምሰሶው ራቁ። ሒሳቡንም እረፍት ላይ ጠይቁ፣ መጨረሻ ላይ ሰልፍ ነው።

እኔ ቅዳሜን እዚያው ሆኜ አስያዝኩ። የመዘገበኝ ያው አስተናጋጅ ነው። «እራትዎን ስንት ሰዓት ላድርገው?» አለኝ። ባንዱ መድረክ ላይ ከመውጣቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ አልኩት። ጻፈው።