ባለ 500 አውሮፕላኑ ሲዲ ወይስ ነፃው ሙስታንግ?

"የቱን ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ አልቆም አለ። የድሮ የአየር ውጊያ ጌም የሚወዱ ጓደኞቼ ጌሙ ላይ የሚጨመሩ አውሮፕላኖች የሽያጭ ማስታወቂያ በየጊዜው ይልኩልኛል። አንዱ "500 አውሮፕላን በአንድ ሲዲ" ይላል። ሌላው "የተባበሩት ኃይሎች ተዋጊዎች፣ ሙሉ ስብስብ" ይላል። ዋጋቸው 20፣ 25፣ አንዳንዴም 30 ዶላር ነው።

መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ አትግዙ። አውሮፕላኑን በነፃ፣ እየመረጣችሁ፣ አንድ በአንድ አውርዱ። ገንዘብ ካላወጣሁ ለምትሉ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ እመጣበታለሁ።

የማወራው ስለ ማይክሮሶፍት ኮምባት ፍላይት ሲሙሌተር 2 ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ የፓስፊክ ጦርነት ላይ ያተኮረ ጌም ነው። ከጌሙ ጋር የሚመጡት የሚበሩ አውሮፕላኖች ሰባት ብቻ ናቸው። ከአሜሪካ ዋይልድካት፣ ሄልካት፣ ኮርሴርና ላይትኒንግ፤ የቀሩት ሦስቱ የጃፓን ናቸው። ስፒትፋየር የለ፣ ሙስታንግ የለ፣ ተንደርቦልት የለ። ሰው ተጨማሪ ፍለጋ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ።

አንድ ጓደኛዬ ባለ 500 የሚባለውን አስመጣ። ሲዲው 25 ዶላር። አሜሪካ ያለው ዘመዱ ቤት ድረስ ፖስታው 9 ዶላር። ከዚያ በሻንጣ አዲስ አበባ ገባ። ላፕቶፑ ሲዲ ማንበቢያ ስለሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ዲቪዲ ድራይቭ ተገዛ፤ ሌላ ወጪ። ከፍተን ስናየው አብዛኛው ፋይል ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ ነው። ሻጩ ሪድሚውን፣ ማለትም ከፋይሉ ጋር የሚመጣውን የሠሪዎቹን ማስታወሻ፣ እንኳ አላጠፋውም። ሠሪዎቹ "ይህ በነፃ የተሰጠ ነው፣ መሸጥ ክልክል ነው" ብለው የጻፉት እንዳለ ተቀምጧል። ዓይን ያወጣ ሌብነት ይሏል ይሄ ነው።

ሌብነቱ ይቅር፣ ዕቃው ቢሠራ። እዚህ ላይ ሁለት ፋይል ማወቅ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ አውሮፕላን ፎልደር ውስጥ ኤይር የሚባል ፋይል አለ፤ አበራረሩን የሚወስነው እሱ ነው። ዲፒ የሚባለው ደግሞ መሣሪያውንና አውሮፕላኑ ሲመታ የሚደርስበትን ጉዳት ይይዛል። ከሲዲው አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ዲፒ ጭራሽ የላቸውም። ከሲቪሉ ፍላይት ሲሙሌተር እንዳሉ የተገለበጡ ናቸው። ያምራሉ፣ ይነሳሉ፣ ይበራሉ። ቃታውን ስትስቡ ግን ዝም። ላም አለኝ በሰማይ!

ከዚህ የባሰው የተኮረጀ ዲፒ ነው። ኤራኮብራ የሚባለውን የአሜሪካ ተዋጊ እንውሰድ። የዚህ አውሮፕላን ሞተር ከአብራሪው ጀርባ ነው የተቀመጠው። 37 ሚሊሜትር መድፉ የሚተኩሰው በፕሮፔለሩ መሃል ነው፤ 30 ጥይት ብቻ ይይዛል። በሲዲው ላይ ያለው ኤራኮብራ ግን መድፍ የሚባል ነገር የለውም፤ ከክንፉ ስድስት መትረየስ ያንጣጣል። ለማያውቅ ሰው ቀለሙ ልክ ስለሆነ አውሮፕላኑም ልክ ይመስለዋል።

እናንተም ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ። ዲፒ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በኖትፓድ ይከፈታል። ሙስታንግ ፒ-51ዲ ከሆነ ስድስት መትረየስ ሊኖረው ይገባል። በየክንፉ ወደ ውስጥ ያለው አንድ አንዱ 400 ጥይት፣ የቀሩት አራቱ 270፣ 270 ይይዛሉ፤ ድምሩ 1,880 ነው። የጓደኛዬ ሙስታንግ አራቱ ላይ 400፣ ሁለቱ ላይ 375 ተጽፎበታል። ይህ የኮርሴር ጥይት ነው! የኮርሴሩን ዲፒ ገልብጠው ስሙን ብቻ ቀይረውታል። ይህን ቁጥር አስተካክሎ የጻፈ ሠሪ ሌላውንም አይዘነጋም ብዬ አምናለሁ፤ እስካሁን አላፈርኩበትም።

ነፃዎቹም ከችግር የጸዱ አይደሉም። ድምፅ አልሰማ ካለ የሳውንድ ኮንፊግ ፋይሉን ክፈቱ። ብዙ ጊዜ የሌላ አውሮፕላን ድምፅ ተዋሱ ብሎ ይጠቁማል፤ ያ አውሮፕላን እናንተ ጋ የለም። እዚያ የተጻፈውን የፎልደር ስም እናንተ ጋ ወዳለ አውሮፕላን ፎልደር ስም ቀይሩት፣ አለቀ። ጌሙን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አትጫኑት። ዊንዶውስ እዚያ ፋይል ስትጨምሩና ስታስተካክሉ ይጨቀጭቃል። ሲ ድራይቭ ላይ የራሱን ፎልደር ስጡት። ሌላው፣ ነፃ አውሮፕላን በዚፕ ነው የሚመጣው። "ጫኚ" የሚል ኤክሴ ፋይል ከማታውቁት ቦታ ከመጣ በቫይረስ መፈተሻ ሳታሳልፉ አትንኩት።

አሁን ወደ ሌላው መንገድ። የጌሙ ሲዲ ራሱ ከሌላችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። የዚያ ዘመን ብዙ ሲዲዎች ሴፍዲስክ የሚባል መቆለፊያ አለባቸው፤ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ይህን አይቀበልም። አሮጌ ሲዲ ገዝቶ አልከፈት ሲል ማየት ያበሳጫል። ኢል-2 ሽቱርሞቪክ 1946 የሚባለውን ሌላ የአየር ውጊያ ጌም ግዙ። በ2006 የወጣ ነው፣ ስቲምና ጎግ በሚባሉት የኢንተርኔት ጌም መደብሮች መደበኛ ዋጋው 10 ዶላር ገደማ ነው። ቅናሽ ሲኖር ከግማሽ በታች ሲወርድ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ካልቸኮላችሁ ጠብቁ። ለዚያ ዋጋ ስፒትፋየር፣ ሃሪኬን፣ ሙስታንግ፣ ተንደርቦልት፣ ላይትኒንግ፣ ቴምፔስት ሁሉም ውስጡ አለ። ኤራኮብራውም መድፉን ይዞ ይመጣል። ካርድ የሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ መልክ ሊልክላችሁ ይችላል፤ ሻንጣ አያስፈልግም።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግላዲየተር የሚባለው የእንግሊዝ ተዋጊ ነው። ጣሊያንን ከኢትዮጵያ ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲየተርና ሃሪኬን እያበረረ ከጣሊያኑ ሲአር 42 ጋር ተፋልሟል። ኢል-2 ላይ ሦስቱንም ማብረር ይቻላል። ይህን 25 ዶላር የሚያስከፍል ሲዲ አይሰጣችሁም። የኢል-2 ትልልቅ የሞድ (ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሯቸው ተጨማሪዎች) ጥቅሎች ግን ብዙ ጊጋባይት ይበላሉ። የሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ጥቅሉ ከጌሙ በላይ ያስወጣችኋል።

ዲሲኤስ የሚባለውን አዲስ የአየር ውጊያ ጌም አንስቶ "ዲሲኤስስ?" የሚለኝም አለ። ዋናው ጌም ነፃ ነው፤ መሣሪያ የሌለው ማሠልጠኛ ሙስታንግም አብሮ ይሰጣችኋል። የሚተኩስ ስፒትፋየር ወይም ተንደርቦልት ግን ለአንዱ ብቻ ወደ 50 ዶላር ነው። አምስት ኢል-2 ማለት ነው! ኮምፒውተሩም ጠንካራ መሆን አለበት። እጅግ ያምራል፣ አልክድም፤ ደሞዜ ግን አይፈቅድም።

የተረፈውን ብር ጆይስቲክ ላይ አውሉት። እጀታው የሚጠመዘዝ ይሁን፣ አለዚያ የአውሮፕላኑን የጅራት መሪ በኪቦርድ ስታዞሩ ኢላማው ያመልጣችኋል። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት፣ ሻጩ ፊት ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ዱላውን ወደ ጎን ገፍታችሁ ልቀቁት። ስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት መሃል ላይ ካልቆመ ወይም ከተንቀጠቀጠ ውስጡ ተበልቷል፤ ግማሽ ዋጋ ቢላችሁም አትውሰዱት።