እግዜር ይስጥልን! በሐዋሳ እጅ ወይም እግር አብጦ አልጎድል ላላችሁ የምጠቁማችሁ ሰው

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን በአደባባይ ማመስገን ስላለብኝ ነው የምጽፈው። ሐዋሳና አካባቢዋ ያላችሁም እኛ የተንከራተትነውን ያህል እንዳትንከራተቱ ብዬ ነው።

እናቴ ቁርጥማት አለባት። ሐኪሞቹ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል። በሽታን መከላከል ያለበት የሰውነት ኃይል ዞሮ የገዛ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት ሕመም ነው፤ ሴቶች ላይ ይበዛል። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። ይሄንን እንኳን በመድኃኒት ተላምደነው ነበር። ያልጠበቅነው የቀኝ እጇን ማበጥ ነው። መገጣጠሚያው ብቻ አይደለም፣ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ድረስ። የጋብቻ ቀለበቷ በወርቅ ሰሪ ተቆርጦ ነው የወጣው።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ምን ልበላችሁ! አንዱ ጋ ስንሄድ እጇን ሳይነካ "ጨው ቀንሺ" ብሎ ሽንት የሚያሸና ክኒን ጽፎ ሸኘን። ሌላ ቦታ ደግሞ ብብቷ ሥር የወጣውን ንፍፊት ነካ ነካ አደረገና ኮሪደር ላይ ቆሞ "ካንሰርም ሊሆን ይችላል" አለ። እናቴ ፊት! ናሙና ተወስዶ ነጻ መሆኗ እስኪነገረን ድረስ ቤታችን ውስጥ በደንብ እህል የቀመሰ ሰው አልነበረም። አንድ ወጌሻ "የተቋጠረ ደም ነው፣ አፍረጠርጠዋለሁ" ብሎ ቅባት ቀብቶ በሁለት አውራ ጣቶቹ እስክታለቅስ አሻት። በማግስቱ እጇ ቀልቶ ነደደ።

ከሁሉም የባሰው የሰፈር ወሬው ነው። "ዝሆኔ ይዟታል" ተባለ። ቡና ሲጠራሩ እናቴን መዝለል ጀመሩ። ዝሆኔስ ቢሆን? በደቡብ ደጋማ ቦታዎች የምናየው የእግር ዝሆኔ በብዛት ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የታመመን ሰው ለምን ብቻውን እናስቀምጠዋለን? ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እናቴ እጇን በነጠላዋ መሸፈን የጀመረችው ያኔ ነው።

በመጨረሻ የቁርጥማት መድኃኒቷን የሚከታተላት ሐኪም "ይሄ የሊምፍ ችግር ነው" ብሎ (ሊምፍ ማለት ሥጋ ውስጥ የሚቀረውን ውሃ የሚመልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ናቸው) ወደዚች የፊዚዮቴራፒ ልጅ ላከን። ተባረክ ብያለሁ።

እሷ መጀመሪያ አልነካቻትም። ቁጭ አድርጋ ጠየቀቻት። "እማማ፣ ትኩሳት ይሰማዎታል? የልብ ሕመም አለብዎት? ደም ረግቶብዎት ያውቃል? ይሄ ንፍፊት ተመርምሯል?" የምርመራ ወረቀቱን ተቀብላ ራሷ አነበበችው። ከዚያ ክንዷን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ቆየችና ለቀቀችው። ቆዳው ስርጉድ እንዳለ ቀረ። "ውሃው መሄጃ አጥቶ ነው" አለችን።

ቀጥሎ ያደረገችውን መቼም አልረሳውም። እናቴን በጀርባዋ አስተኛቻትና ያበጠውን እጅ ትታ ከአንገቷ ሥር ጀመረች፤ ከትከሻ ወደ አንገት ከሚመጣው አጥንት በላይ፣ ጎድጎድ ካለችው ቦታ። እናቴ ግራ ገብቷት "ልጄ፣ ያመመኝ እኮ እጄ ነው" አለቻት። ልጅቷ ሳቅ ብላ "አውቃለሁ እማማ። ቦይ የሚጠረገው ከመውጫው ነው። መውጫው ሳይከፈት ከላይ ብንገፋው ውሃው የት ይሄዳል?" አለቻት። እናቴ ገጠር ነው ያደገችው፣ ወዲያው ገባት። አነካኳ ደግሞ! ቆዳውን ብቻ በስሱ ሳብ እያደረገች ትለቀዋለች፤ ማሸት ለማለትም ይከብዳል። ወጌሻው ያስለቀሳት ሴትዮ እዚያው አልጋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

እየሠራች ታስረዳናለች። ከደም ሥር አፈትልኮ ሥጋ ውስጥ የሚቀረውን ውሃ ሊምፍ ሰብስቦ አንገት ሥር ደም ውስጥ ይመልሰዋል፤ በቀን በሊትር የሚቆጠር ነው። እንደ ልብ ያለ ሞተር ግን የለውም። ቧንቧዎቹ ራሳቸው እየተኮማተሩ፣ ጡንቻ ሲንቀሳቀስና በደንብ ስንተነፍስ ነው የሚሄደው። ንፍፊት የሚወጣባቸው አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ደግሞ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ተገናኝተው ማንን እንደሚያጠቁ የሚለዩባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ቁርጥማቱ ሲቀሰቀስ እዚያም ሊያብጥ ይችላል። ኮሪደር ላይ ያስደነገጠን ሰው ይሄን ቢነግረን ምን ነበረበት? ከዚህ የጠለቀውን ለሐኪሞቹ ትቼዋለሁ።

ይበልጥ ያመንኳት ግን በሌላ ነገር ነው። "እማማ፣ እኔ የምሠራው እብጠቱን ይቀንሳል እንጂ ቁርጥማቱን አያድንም። መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ" አለቻት። ስንቱ "ሙሉ በሙሉ እናድናለን" እያለ ገንዘባችንን በበላበት ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት! በዚያ እጅ መርፌ እንዳትወጋ፣ የደም ግፊት እንዳይለኩባት፣ ዋገምት የሚባል ነገር እንዳታስበው አስጠነቀቀቻት። ከቀላና ከሞቀ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዷት አለችን። የፋሻውን አጠቀላለል፣ ጣት ላይ ጠበቅ ወደ ክርን ላላ እያደረገች፣ እህቴ በትክክል እስክትይዘው ድረስ ደጋግማ አሠራቻት። አንዴም አልተቆጣችም።

የመጀመሪያው ቀን ስንወጣ እናቴ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። ልጅቷ ከነጠላው ሥር ያንኑ ያበጠ እጅ ፈልጋ ያዘችው። እንደያዘችው ባጃጁ ድረስ ሸኘቻት። እናቴ መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም፤ ቤት ስንደርስ "እጄን ያዘችኝ" ብቻ አለች። ለዚህ ምን ይከፈላል? እግዚአብሔር ይክፈላት፣ ዕድሜና ጤና ይስጣት፣ ልጅ ወልዳ ትሳም።

እጇ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አልሆነም። ግን ቆዳው ተጨማዷል፣ አጥንቷ ይታያል፣ ጀበናውን ራሷ ታነሳለች። ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንሄድ እጇን እያጠፈችና እየዘረጋች ነው የምትራመደው። ቡና ሲጠራሩ ይዘሏት የነበሩ ጎረቤቶችም ተመልሰዋል፤ እሷ ይቅር ብላለች፣ እኔ ገና ነኝ።

እባካችሁ፣ እናት አባታችሁ እንዲህ አብጦባቸው ከሆነ አታሳሿቸው፣ አታስበጧቸው። መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው፣ ከዚያ እሷ ጋ ውሰዷቸው። ስሟን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ስልኳን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የሐኪም ወረቀትና የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው። እጅጌው የሚሰበሰብ ልብስም አልብሷቸው።