ረጅሙ ትምህርት እና አጭሩ ቃል

ክርስቲያን ወጣቶችን የሚያስተምር ሰው በየሳምንቱ በቅደም ተከተል በሚሰጥ ረጅም ትምህርት ወይም በጭውውት መካከል ለአንድ ወጣት በሚነገር አጭር ቃል ሊጠቀም ይችላል። የመጀመሪያው የእምነትን መሠረት በሥርዓት ያስጨብጣል፤ ይሁን እንጂ ብዙው ይረሳል (የሚጠራጠር መምህር ስላለፈው ወር ትምህርት ተማሪዎቹን ይጠይቅ)። ሁለተኛው ግን ሰሚውን በግል ስለሚያገኘው ባልታሰበ መንገድ ሥር ሊሰድ ይችላል። በ1855 እ.ኤ.አ. የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ ኤድዋርድ ኪምቦል፣ ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረውን የ18 ዓመቱን ድዋይት ሙዲን በሚሠራበት የቦስተን ጫማ መደብር ድረስ ሄዶ ስለ ክርስቶስ ፍቅር በጥቂት ቃላት አነጋገረው፤ ያ ወጣትም ከጊዜ በኋላ በአሜሪካና በብሪታንያ እጅግ የታወቀ ወንጌላዊ ሆነ። ኪምቦል ወጣቱን ያወቀው በሳምንታዊው ክፍል ስለነበር ግን፣ አጭሩን ቃል ባስበልጥም የረጅሙ ትምህርት ምትክ አድርጌ አልወስደውም።